ከሽንኩርት ልጣጭ እስከ ዶሮ ደም፦ የእጽዋትና የእንስሳት ሴልን ውስጠ ክፍል በዓይን አይቶ ለማወቅ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ክብ እሥል ነበር። መሐሉ ላይ ኒውክለስ፣ በዙሪያው ባቄላ የመሰሉ ማይቶኮንድሪያዎች፣ እንደ ተደራረበ እንጀራ የተነባበረ ጎልጂ፣ በየቦታው የተበተኑ የራይቦዞም ነጠብጣቦች። ከበላዩ «የእንስሳ ሴል» ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ይህ የማን ሴል ነው? የበሬ ነው የሰው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። የበሬም የሰውም አልነበረም። በማንም እንስሳ ገላ ውስጥ የማይገኝ፣ ምንም ነገር ያልጎደለበት የመጽሐፍ ሴል ነበር።

እውነተኛ ሴል ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል። የእኛ ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ የለውም፤ የሽንኩርት ራስ ሴል የተክል ሆኖ ሳለ አረንጓዴ ክሎሮፕላስት የለውም። ከዚያ ጥያቄ በኋላ የማስተማሪያ መንገዴን ቀየርኩ። እናቴ የዶሮን 12 ብልት ያወቀችው ዝርዝሩን በቃሏ አጥንታ አይደለም፤ በእጇ እየለየች ነው። የሴልንም ክፍሎች እንደዚያው፣ እያንዳንዱን ፈልጎ በማግኘት፣ ሲጎድል ወይም ሲሰበር ምን እንደሚሆን በማየት መማር ይቻላል። የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው ወጥ ቤት ውስጥ አለ።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር ልበል። «ሕዋስ» የሚለውን ቃል እወደዋለሁ፤ ነገር ግን አምስቱን የስሜት ሕዋሳት የተማረ ልጅ ይደናገርበታል፣ በእኛ አቆጣጠር በስድሳዎቹ ወጣት የነበረ ሰው ደግሞ የፖለቲካ ድርጅት ሕዋስ ትዝ ይለዋል። ስለዚህ «ሴል» እላለሁ። ኒውክለስን «አስኳል» ማለትም ልማድ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእንቁላል አስኳል ኒውክለስ አይደለም። ያልዳበረ እንቁላል ከሆነ ያ ሁሉ ቢጫ በሙሉ አንድ ሴል ነው፤ የዘር መረጃው የሚገኘው በቢጫው አናት ላይ በምትታየው ትንሽ ነጣ ያለች ነጥብ ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት እንቁላል ስትሰብሩ ፈልጓት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ (እስከ 400 ጊዜ የሚያጎላ ይበቃል)፣ ስላይድ (የሚታየው ነገር የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ መስታወት)፣ ስስ መሸፈኛ መስታወት፣ አዲስ ምላጭ፣ ስቴኪኒ፣ ሶፍት፣ ጠብታ ማንጠባጠቢያ። ለቀለም ከመድኃኒት ቤት ሁለት ርካሽ ነገሮች ግዙ፦ ለቁስል የሚሆነውን ቲንክቸር አዮዲን እና ሐምራዊውን ጄንሽን ቫዮሌት። ሁለቱም እንደተገዙ ከተጨመሩ ሁሉን ነገር ያጠቁራሉ፤ አዮዲኑን አንድ ጠብታ በአምስት ጠብታ ውሃ፣ ጄንሽን ቫዮሌቱን አንድ ጠብታ በሃያ ጠብታ ውሃ አቅጥኑ። ከወጥ ቤት ደግሞ ቀይ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ቀይ የበሰለ ቃሪያ፣ ጨው። ማይክሮስኮፕ የሌላችሁ አታቋርጡ፤ ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ ውስጥ በባዶ ዓይን የሚታይ ነገር አለ።

አንደኛ ደረጃ፦ ማይክሮስኮፑን መያዝ

ሁልጊዜ በአጭሩ ሌንስ፣ ማለትም 4 በተጻፈበት ጀምሩ። የዓይን ሌንሱ 10 ጊዜ ስለሚያጎላ በድምሩ 40 ጊዜ ይሆናል፤ 10 የተጻፈበት 100፣ 40 የተጻፈበት 400 ጊዜ ያጎላል። በትልቁ ማዞሪያ ምስሉን ፈልጉ፤ ረጅሙ ሌንስ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ግን ትልቁን ማዞሪያ አትንኩ። የተሰበረ ስላይድ ያየሁት ሁሉ የተሰበረው በዚህ ምክንያት ነው። ብርሃን የሚቀበለው በመስታወት ከሆነ ወደ መስኮት አዙሩት እንጂ በቀጥታ ወደ ፀሐይ አታዙሩት፤ ዓይን ይጎዳል።

አሁኑኑ አንድ ነገር ለኩ። ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ በ40 ጉልበት ሥር አድርጉና የሚታየው ክብ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ቁጠሩ። በብዙዎቹ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፖች 4.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እንዲያ ከሆነ በ100 ጉልበት 1.8፣ በ400 ደግሞ 0.45 ሚሊሜትር ማለት ነው። ይህን ቁጥር ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት፤ በኋላ ማንኛውንም ሴል ትለኩበታላችሁ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የሽንኩርቱ ግድግዳና ኒውክለስ

ሽንኩርቱን ለአራት ሰንጥቁና ከወፍራሞቹ ቅርፊቶች አንዱን አውጡ። በውስጠኛው፣ ጎድጎድ ባለው ጎኑ ላይ እንደ ላስቲክ ስስ የሆነ ቀለም የሌለው ቆዳ አለ። በምላጭ ግማሽ ሴንቲሜትር በግማሽ ሴንቲሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ቁረጡበትና በጥፍር ወይም በመርፌ ላጡት። ስላይዱ ላይ ባለ አንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ ሳይታጠፍ ዘርጉት። መሸፈኛውን በአንድ ጠርዝ አስደግፋችሁ ቀስ እያላችሁ አስተኙት።

ቀስ በሉ የምለው ያለምክንያት አይደለም። በችኮላ የወደቀ መሸፈኛ የአየር አረፋ ያስቀራል። አረፋ ፍጹም ክብ ነው፣ ጥቁር ወፍራም ጠርዝ አለው፣ መሐሉ ያበራል፤ በጣም የሚያምር ስለሆነ ጀማሪ ሁሉ እሱን ይሥላል። አንድ ዓመት የክፍሉ ግማሽ አረፋ ሥሎ «ኒውክለስ» ብሎ ጽፎበት አስረከበኝ።

በትክክል ከተሠራ የሚታየው እንደ ጡብ የተደረደረ ረዘም ያለ ክፍልፋይ ነው። በ100 ጉልበት ስድስት ያህል ሴሎች ጫፍ ለጫፍ ክቡን ከሞሉት አንዱ 1.8 ለስድስት ተካፍሎ 0.3 ሚሊሜትር ይረዝማል ማለት ነው። የጡቡ መስመር የሴል ግድግዳ ነው፤ በአብዛኛው ከሴሉሎስ የተሠራ። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቡሽ ቁራጭ አይቶ «ሴል» የሚለውን ስም ሲያወጣ ያየው ግድግዳውን ብቻ ነበር፤ ቡሽ የሞተ ስለሆነ ቤቱ እንጂ ነዋሪው አልነበረም።

ነዋሪውን ለማየት በመሸፈኛው አንድ ጠርዝ አንድ ጠብታ የቀጠነ አዮዲን አድርጉና በተቃራኒው ጠርዝ ሶፍት አስጠጉ። ሶፍቱ ውሃውን ሲመጥ አዮዲኑ ወደ ውስጥ ይሳባል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በየሴሉ ውስጥ ቡናማ ቢጫ ክብ ይወጣል፤ ኒውክለስ ይህ ነው። ሮበርት ብራውን በ1831 በኦርኪድ አበባ ሴሎች ውስጥ አይቶ ስም የሰጠው እሱን ነው። የሴሉን የዘር መረጃ፣ ማለትም ዲኤንኤ፣ ይይዛል፤ ሴሉ የትኛውን ፕሮቲን መቼ እንደሚሠራ የሚወሰነው በዋናነት እዚያ ነው።

ኒውክለሱ ያለበትን ቦታ ልብ በሉ። በአንዳንዱ ሴል ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ እንደ ግማሽ ጨረቃ ይታያል፣ በሌላው መሐል ላይ ያለ ይመስላል። እውነቱ በሁለቱም ጥግ ይዟል፤ መሐል የመሰለው ከላይኛው ወይም ከታችኛው ግድግዳ ጋር የተለጠፈውን ከላይ ስለምናየው ነው። ጥግ ያስያዘው ምንድን ነው? ለሚቀጥለው ደረጃ ይቆየን።

ትዕግሥት ላለው ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቀለም ያልነካው ትኩስ ልጣጭ በ400 ጉልበት፣ ብርሃኑን ቀነስ አድርጋችሁ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳትነቃነቁ ተመልከቱ። በግድግዳው ጥግ ጥቃቅን ቅንጣቶች እንደ ጉንዳን በሰልፍ ሲሄዱ ታያላችሁ። ሳይቶፕላዝሙ፣ ማለትም ከኒውክለሱ ውጭ ያለው የሴሉ ይዘት፣ እየፈሰሰ ነው። በጀርባው የሚያስኬደው እንደ ክር የቀጠኑ የፕሮቲን ዘንጎች መረብ ነው። ይህን ያየ ተማሪ ሳይቶፕላዝምን «ሴሉን የሚሞላ ፈሳሽ» ብሎ አይጽፍም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ጨውና ሐምራዊው ከረጢት

ይህ ከሁሉም የምወደው ነው። አሁን ከቅርፊቱ ውጫዊ ጎን ሐምራዊውን ቆዳ ላጡ። ትንሽ ያስቸግራል፤ ምላጩን አጋድማችሁ ስስ ፍንካች ብታነሱም ይሠራል። በንጹሕ ውሃ አስቀምጣችሁ ስታዩት እያንዳንዱ ሴል ከጥግ እስከ ጥግ በሐምራዊ ቀለም የተሞላ ነው። ቀለሙ ያለው በቫኪዩል ውስጥ ነው፤ ቫኪዩል ማለት ውሃ፣ ጨዋማ ንጥረ ነገሮች፣ ስኳርና ቀለም የሚጠራቀምበት ከረጢት ነው። በአደገ የተክል ሴል ውስጥ ከይዘቱ እስከ 90 በመቶ ሊይዝ ይችላል። ኒውክለሱን ጥግ ያስያዘው እሱ ነው።

አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በግማሽ ብርጭቆ ውሃ አሟሙና በሶፍቱ ዘዴ ወደ ውስጥ ሳቡት። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሐምራዊው ከማዕዘኖቹ እየለቀቀ ይሰበሰባል፤ መጨረሻ ላይ ባዶ ክፍል ውስጥ እንደ ተቀመጠ ፊኛ ይሆናል። ግድግዳው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ውሃው የወጣው ወደ ጨዋማው ውጭ ነው፤ ጨውም ቀለሙም ግን እንደልባቸው አላለፉም።

አሁን የሐምራዊውን ጠርዝ አፍጥጣችሁ ተመልከቱ። ከግድግዳው የለቀቀው ያ ድንበር የሴል ሽፋኑ የቆመበት ነው። ሽፋኑ ራሱ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ እንኳ አይደርስም፤ በዚህ ማይክሮስኮፕ በቀጥታ አይታይም። በሥራው ግን እነሆ ተገኘ፦ ውሃን ያሳልፋል፣ ጨውና ቀለምን ያግዳል። ተማሪ ሁሉ ግድግዳንና ሽፋንን የሚያምታታው ሥዕሉ ላይ ሁለቱ እንደ ድርብ መስመር ተጠጋግተው ስለሚሠሩ ነው። እዚህ ግን ተለያይተው አያችኋቸው፤ ግድግዳው ቅርጽ ይይዛል፣ ማንንም አይመርጥም፤ ሽፋኑ ይመርጣል፣ ቅርጽ ግን መያዝ አይችልም።

ቶሎ ብላችሁ በንጹሕ ውሃ ብታጥቡት ሐምራዊው እንደገና ያብጥና ክፍሉን ይሞላል። ማይክሮስኮፕ የሌለው ሰው ይህንኑ በሰላጣ ማየት ይችላል፦ ጨው የተነሰነሰበት የተከተፈ ቲማቲምና ሰላጣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው ውሃ ይተፋና ይልፈሰፈሳል፤ የጠወለገ ጎመን ደግሞ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይነሣል።

ሽንኩርት የሚያስለቅሰንም በዚህ ከረጢት ምክንያት ነው። በቫኪዩሉ ውስጥ አሊኔዝ የሚባል ኢንዛይም ተዘግቶበት ይኖራል፤ ኢንዛይሙ የሚቆራርጠው ድኝ አዘል ንጥረ ነገር ግን ከከረጢቱ ውጭ በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ነው። ቢላዋው ሽፋኑን ሲቀድ ሁለቱ ይገናኙና ዓይን የሚያቃጥለው ትነት ይፈጠራል። ያልተቆረጠ ሽንኩርት ማንንም አያስለቅስም። የሽፋን ጥቅም ምንድን ነው ለሚል ፈተና እኔ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ መገናኘት የሌለባቸውን ለይቶ ማኖር።

አራተኛ ደረጃ፦ ግድግዳ የሌለው ሴል

ብዙ መመሪያዎች የእንስሳ ሴል ሲሉ የጉንጭ ውስጥ ቆዳ ያሳያሉ። ቀላል ነው፦ አፋችሁን ተጉመጥሙጡ፣ በስቴኪኒው ጎን (በሹሉ ጫፍ አይደለም) የጉንጫችሁን ውስጥ በቀስታ ፋቁ፣ ስላይድ ላይ ባለ ጠብታ ውሃ ውስጥ አሹት፣ አንድ ጠብታ የቀጠነ ጄንሽን ቫዮሌት ጨምሩና ሸፍኑ። ጠፍጣፋ፣ ቅርጹ የተዛባ፣ ጠርዙ የታጠፈ ሴል ታያላችሁ፤ ስፋቱ 60 ማይክሮሜትር ገደማ (አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር ሺህኛ ነው)፣ መሐሉ ላይ ደግሞ የጠቆረ ኒውክለስ። በላዩ የተበተኑት ጥቃቅን ነጥቦች የአፍ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ራይቦዞም ብላችሁ እንዳትጽፉ። ስቴኪኒውን ከሌላ ሰው ጋር አትጋሩ፤ ስትጨርሱ ስላይዱንም ስቴኪኒውንም በረኪና ውስጥ ንከሩ።

ለእኔ ግን የተሻለው ጊዜ የበዓል ዋዜማ ነው። ዶሮ ሲታረድ አንድ ጠብታ ትኩስ ደም፣ በግ ሲታረድ ሌላ ጠብታ ውሰዱ፤ ከዚያ በፊት ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አሟሙታችሁ አዘጋጁ። ይህ ጨውነቱ ለደም የሚስማማ ውሃ ነው፤ ሆስፒታል በክንድ የሚሰጠው የጨው ውሃም 0.9 በመቶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ደሙን በዚህ ውሃ አቅጥናችሁ ስላይድ ላይ አድርጉ። የበጉ ቀይ ሴሎች ክብና በጣም ትንንሽ ናቸው፣ ኒውክለስ የላቸውም። የዶሮዋ ግን ሞላላ ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው መሐል ኒውክለስ ተቀምጧል። የአጥቢ እንስሳት ቀይ ሴል ሲበስል ኒውክለሱን ወደ ውጭ ይጥላል፣ ማይቶኮንድሪያዎቹንም ያጣል፤ ቦታው ሁሉ ኦክስጅን ለሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይለቀቃል። ዋጋውም አለው፦ ያለ ኒውክለስ የተበላሸ ፕሮቲኑን የሚተካበት መንገድ የለውም፣ መከፋፈልም አይችልም። የሰው ቀይ ሴል 120 ቀን ያህል ኖሮ ይወገዳል።

ማይክሮስኮፕ የሌለው ሰው የሚያየው ደግሞ ይህን ነው። ሁለት የሻይ ብርጭቆ አምጡ፤ አንዱን እስከ ግማሽ በዚያ የጨው ውሃ፣ ሌላውን በንጹሕ ውሃ ሙሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ አምስት ጠብታ ትኩስ የበግ ደም ጨምራችሁ ሳይረጋ ወዲያው አማስሉ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ ጋዜጣ አቁሙ። በጨው ውሃው በኩል ጽሑፉ አይነበብም፤ ያልፈነዱት ሴሎች ብርሃኑን እየበተኑ ድፍርስ አድርገውታል። በንጹሕ ውሃው በኩል ግን ጥርት ያለ ቀይ ይሆናል፣ ፊደሉም ይነበባል። ውሃው ወደ ሴሎቹ ገብቶ አፈንድቷቸዋል። የሽንኩርቱ ሴል ያንኑ ንጹሕ ውሃ ሲያገኝ ጠንክሮ ቆመ እንጂ አልፈነዳም፤ የበጉ ፈነዳ። «የሴል ግድግዳ ጥንካሬ ይሰጣል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ትርጉሙ ይኸው ነው። ከደም ሥራ በኋላ እጅ በሳሙና፣ ዕቃው በበረኪና።

አምስተኛ ደረጃ፦ አረንጓዴ፣ ቀይና ነጭ

ሽንኩርቱ ላይ ክሎሮፕላስት አታገኙም፤ ራሱ ያደገው አፈር ውስጥ ከብርሃን ተሸሽጎ ነው። እርጥብ ግድግዳና ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅለውን ደቃቃ አረንጓዴ ተክል ፈልጉ፤ ከክረምት ጀምሮ የትም አለ። አንዲት ቅጠሉን ነቅላችሁ በውሃ ጠብታ ውስጥ አስቀምጡ። ቅጠሉ በአብዛኛው ክፍሉ ውፍረቱ አንድ ሴል ብቻ ስለሆነ መክተፍ አያስፈልገውም። በየሴሉ ውስጥ የታጨቁት አረንጓዴ እንክብሎች ክሎሮፕላስቶች ናቸው። የፀሐይን ብርሃን ተጠቅመው ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራሉ። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው እንላለን እንጂ አረንጓዴዎቹ እንክብሎቹ ብቻ ናቸው፤ የቀረው ሴል እንደ ብርጭቆ ነው።

ቀጥሎ ቀይ የበሰለ ቃሪያ። ከሥጋው ጥቂት በምላጭ ፋቁና በውሃ ጠብታ ውስጥ ጨፍልቁት። ቀዩ እንደ ሽንኩርቱ ሐምራዊ ሴሉን በእኩል የሞላ አይደለም፤ በጥቃቅን ቅንጣቶች ተቋጥሯል። እነዚህ ክሮሞፕላስቶች ናቸው። ቃሪያው አረንጓዴ ሳለ ክሎሮፕላስት ነበሩ፤ በርበሬው ሲቀላ አረንጓዴ ቀለማቸው ፈርሶ በውስጣቸው ቀይ ቀለም ተሠራ። ከዚህ የሚወጣውን መለያ ያዙ፦ ቀለሙ እንደ ሻይ ተመሳሳይ ሆኖ ከሞላ ቫኪዩል ውስጥ ነው፣ እንደ በርበሬ ድቃቂ ተበትኖ ከታየ ፕላስቲድ (ክሎሮፕላስትና ክሮሞፕላስት የሚመደቡበት ቤተሰብ) ውስጥ ነው።

ድንች የዚሁ ቤተሰብ ሦስተኛ አባል አለው። የተቆረጠውን ፊት በምላጭ ፋቅ አድርጋችሁ ነጩን ፈሳሽ ስላይድ ላይ አኑሩ፤ አንድ ጠብታ የቀጠነ አዮዲን። ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ የሆኑ የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ቅንጣቶች ይታያሉ። ስታርች ነው፤ የተጠራቀመውም አሚሎፕላስት በሚባሉ ቀለም የለሽ ፕላስቲዶች ውስጥ ነው። ፀሐይ የመታው ድንች አረንጓዴ የሚሆነው እነዚህ ወደ ክሎሮፕላስት ስለሚለወጡ ነው። (አረንጓዴው ራሱ ጉዳት የለውም፤ ግን አብሮት መርዛማ ንጥረ ነገር ስለሚጨምር ያን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉት።)

እንሰት በሚፋቅበት አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ትምህርት ሳያውቀው ተምሮታል። ከተፋቀው ውስጥ ተጨምቆ የሚወጣው ውሃ ሲጠል ከሥሩ የሚቀረው ነጭ ቡላ በአብዛኛው ከሴሎች ውስጥ የወጣ ስታርች ነው። ተፍቆ የሚቀረው ቃጫ ደግሞ የወፈሩ የሴል ግድግዳዎች ጥቅል ነው። አንዱን እንበላዋለን፣ በሌላው ገመድ እንሠራለን፤ ሁለቱም የተገነቡት ከግሉኮስ ነው፣ ልዩነቱ ግሉኮሶቹ የተያያዙበት አኳኋን ነው። ስታርችን የሚፈታ ኢንዛይም ሆዳችን አለው፣ ሴሉሎስን የሚፈታ ግን የለውም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በዓይን የማይታየውን መከተል

የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን መለየት አይችልም። ራይቦዞም ከዚያ ወደ ስምንት ጊዜ ያህል ያንሳል። ማይቶኮንድሪያ በመጠኑ ይበልጣል፣ ነገር ግን ያለ ልዩ ቀለም አይለይም። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ዓይናችን ሐሳብ ነው። ዝርዝር አትሸምድዱ፤ አንድ ዕቃ ከተሠራበት እስከ ተላከበት ተከተሉ። እኔ የምመርጠው ኢንሱሊንን ነው፤ ስኳር በሽታ ያልነካው ቤተሰብ ስለሌለ ሁሉም ስሙን ያውቃል።

ቦታው ቆሽት ውስጥ ያለ ሴል ነው። የኢንሱሊን አሠራር የተጻፈው በኒውክለሱ ዲኤንኤ ላይ ነው፤ ዋናው መጽሐፍ ግን ከቤተ መጻሕፍቱ አይወጣም። ግልባጩ፣ ማለትም መልእክተኛው አርኤንኤ፣ በኒውክለሱ ሽፋን ቀዳዳዎች ይወጣል። ራይቦዞም ግልባጩን እያነበበ አሚኖ አሲዶችን፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባባቸውን ጡቦች፣ ይቀጥላል። ዕቃው ለውጭ የሚላክ ስለሆነ ራይቦዞሙ ሻካራው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (ሴሉ ውስጥ የተዘረጋ የሽፋን መረብ) ላይ ይለጠፋል፣ ሰንሰለቱም ወደዚያ የሽፋን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ተጣጥፎ ቅርጹን ይይዛል። ከዚያ በትንሽ ከረጢት ተጭኖ ወደ ጎልጂ ይሄዳል። ጎልጂ ይለያል፣ ያሽጋል፣ አድራሻ ይሰጣል። በመጨረሻው ከረጢት ውስጥ ሰንሰለቱ ተቆርጦ ባለ 51 አሚኖ አሲድ ኢንሱሊን ይሆናል፤ ደም ውስጥ ስኳር ሲጨምር ከረጢቱ ከሴል ሽፋኑ ጋር ይዋሐድና ይዘቱን ወደ ውጭ ያፈሳል። ካሚሎ ጎልጂ ያንን ክፍል በ1898 በጉጉት አንጎል ሴሎች ውስጥ አይቶ ሲያሳውቅ ብዙዎች የቀለሙ ስሕተት ነው ብለው ተከራክረውት ነበር፤ ክርክሩ የተዘጋው በ1950ዎቹ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመጣ ነው።

ለስላሳው ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ራይቦዞም የለውም፤ ቅባቶችን ይሠራል፣ በጉበት ውስጥ ደግሞ መድኃኒትና መርዝን ያረክሳል። ላይሶዞም ያረጀውንና የተዋጠውን የሚፈጭ የኢንዛይም ከረጢት ነው፤ በተክል ሴል ይህን ሥራ በአብዛኛው ቫኪዩሉ ደርቦ ይሠራዋል። ሴል ሲከፋፈል የሚያገለግለው ሴንትሪዮል በእንስሳት ሴል አለ፣ በሚያብቡ ተክሎች ግን የለም፤ እነሱ ያለ እሱ ይከፋፈላሉ።

ለዚህ ሁሉ ሥራ ጉልበቱን በዋናነት የሚያቀርበው ማይቶኮንድሪያ ነው። ምግብን በኦክስጅን እያቃጠለ ኤቲፒ የሚባለውን የጉልበት ሳንቲም ይሠራል። ብዙ የሚለፋ ሴል ብዙ አለው፤ የጉበት ሴል ከሺህ በላይ ሊኖረው ይችላል፣ ቀይ የደም ሴላችን ምንም የለውም። የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ በሰው 16,569 ፊደል የሚሆን፣ የምንወርሰውም ከእናት ነው ማለት ይቻላል። ሊን ማርጉሊስ በ1967 ማይቶኮንድሪያም ክሎሮፕላስትም በጥንት ዘመን በሌላ ሴል የተዋጡ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚለውን ሐሳብ አዲስ ነፍስ ዘርታበት ስታወጣ ብዙ ተቃውሞ ገጥሟት ነበር፤ ዛሬ የትምህርት መጽሐፍ ውስጥ ነው።

በየዓመቱ የማርመው ስሕተት አንድ ነው፦ «ተክል ክሎሮፕላስት አለው፣ እንስሳ ማይቶኮንድሪያ አለው»። ተክል ሁለቱም አለው። ክሎሮፕላስቱ ስኳሩን ይሠራል፣ የተሠራውን ስኳር ወደ ጉልበት የሚለውጠው ግን ማይቶኮንድሪያ ነው፤ ሌሊትም፣ አፈር ውስጥ ባለው ሥርም፣ አሁን እጃችሁ ላይ ባለው ሽንኩርትም።

ሰባተኛ ደረጃ፦ መሣል

በእርሳስ፣ በአንድ ወጥ መስመር፣ ሳታጠቁሩ ሣሉ። ሦስት ሴል በትልቁ ይበቃል፤ ሠላሳ ጡብ መደርደር ጥቅም የለውም። የስም መስመሮቹን በማስመሪያ አስምሩ፣ እርስ በርስ አይቋረጡ። ያላያችሁትን አትሣሉ፤ የሽንኩርት ሥዕላችሁ ላይ ማይቶኮንድሪያ ካለ ከመጽሐፍ ቀድታችኋል፣ እኔም አውቃለሁ። የስልክ ካሜራን ከዓይን ሌንሱ ጋር አስጠግቶ ፎቶ ማንሣት ለማስታወሻ ጥሩ ነው፤ ሥዕሉን ግን አይተካም፣ ምክንያቱም ካሜራው አረፋውንም ኒውክለሱንም እኩል ያነሣል።

ከሥዕሉ ሥር አራት ነገር ይጻፍ፦ ከምን እንደተወሰደ፣ ስንት ጊዜ እንደጎላ፣ የአንዱ ሴል ርዝመት በግምት፣ በምን ውስጥ እንደተቀመጠ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «የቀይ ሽንኩርት ውጫዊ ቆዳ፤ 100 ጊዜ የጎላ፤ ርዝመት 0.3 ሚሊሜትር ገደማ፤ በጨው ውሃ 5 ደቂቃ የቆየ።» ይህ የተጻፈበትን ሥዕል አይቶ የማን ሴል ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም።